አሮጌ ቤት ሲታደስ ማሞቂያው መጨረሻ ይምጣ

የቆየ ቤት ያለው ሰው የኃይል ወጪ ሲበዛበት መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው መስኮቱ ወይም ማሞቂያው ላይ ነው። ሙቀቱ ግን ማንም ልብ በማይለው ቦታም ይወጣል፦ በኮርኒስ መግቢያው ዙሪያ፣ ቧንቧ ግድግዳ በበሳበት ቀዳዳ፣ በበር ሥር፣ ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት ስንጥቅ። ማሞቂያውን ቀድሞ የገዛ ሰው ለሚያፈስ ቤት የሚመጥን ትልቅ ማሽን ይገዛል። ከዓመት በኋላ ቤቱ ሲደፈን ያ ማሽን ይበዛበታል፤ ቶሎ ቶሎ እየበራ ይጠፋል፣ በተነሣ ቁጥር ኃይል ያባክናል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ አየር፣ ቀጥሎ ኮርኒስ፣ ከዚያ ግድግዳና ወለል፣ ከዚያ መስኮት፣ በመጨረሻ ማሽኑ። ይህ ተራ የመጣው ከወጪ አንጻር ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ ሥራ የሚቀጥለውን ይለውጠዋል፤ በተለይ እርጥበት የሚሄድበትን መንገድ ይለውጣል። አሮጌ ቤት በእድሳት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ በኩል ነው።

መዶሻ ከመነሣቱ በፊት አንድ ነገር መታወቅ አለበት። በድሮ ቤት ውስጥ የቆየ የሲሚንቶ ቆርቆሮ፣ የቧንቧ መጠቅለያ፣ የወለል ንጣፍ ወይም ኮርኒስ ላይ የተበተነ ጠጠር መሰል ቬርሚኩላይት አስቤስቶስ (ብናኙ ለሳንባ አደገኛ የሆነ የማዕድን ጭረት) ሊኖርበት ይችላል። ሳይሰበርና ሳይነካ ከተቀመጠ አደጋው ትንሽ ነው። ሲበሳ፣ ሲጋዝ ወይም ሲፈገፈግ ግን ብናኙ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ጥርጣሬ ካለ ናሙና በላቦራቶሪ እስኪታይ ድረስ አይነካ። የድሮ ቀለምም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አይፋቅ።

ውኃው

እርጥብ ግድግዳ ሙቀት አይዝም። በጡቡና በልስኑ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው የረጋ አየር ነው ሙቀትን የሚያግደው፤ በቦታው ውኃ ሲገባ፣ ውኃ ሙቀትን የሚያሳልፈው ከረጋ አየር ከ20 ጊዜ በላይ ነው። እርጥብ ግድግዳ ላይ ኢንሱሌሽን (ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያግድ ሱፍ፣ ፎም ወይም ሰሌዳ) መለጠፍ ደግሞ ውኃውን መቆለፍ ማለት ነው።

ዝናብ ሲዘንብ ወጥተው ቤቱን ይዙሩ። ሌላ ቀን የማይታየው ሁሉ ያን ጊዜ ይታያል፦ አሸንዳው በየት ሞልቶ እንደሚፈስ፣ የአሸንዳው መውረጃ የት ላይ እንደተለያየ፣ ውኃው መሬት ላይ የት እንደሚተኛ። ከዚያ የአፈሩን ከፍታ ይመልከቱ። በየዓመቱ አበባ ሲተከል፣ ንጣፍ ሲነጠፍ አፈሩ ከፍ እያለ ይመጣና ከወለሉ እኩል ይሆናል። ከውስጥ ወለል ቢያንስ 15 ሳ.ሜ. ዝቅ ማለት አለበት፤ ከግድግዳው እየራቀም በሜትር 5 ሳ.ሜ. ያህል ማዘቅዘቅ አለበት። ይህ ሥራ አካፋና ጉልበት ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በድንጋይ፣ በጭቃ ወይም በድሮ ጡብ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ልዩ ትኩረት ይፈልጋል። እንዲህ ያለ ግድግዳ ውኃ ይጠጣል፣ መልሶም ይተነፍሰዋል። የሲሚንቶ ልስን ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባው ዝናብ ግን በልስኑ በኩል መልሶ መውጣት ስለማይችል ወደ ውስጥ ይሄዳል። በጣት መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ልስን ከግድግዳው ተለያይቷል ማለት ነው። እሱን አንሥቶ በኖራ መለሰን ነው መፍትሔው፤ የተለመደው መጠን 1 እጅ ኖራ ለ3 እጅ ሸካራ አሸዋ ነው። አሸዋው ደቃቅ ከሆነ ልስኑ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ግድግዳው ሳይረጠብ ከተለሰነ ውኃውን ከኖራው ይመጥጥና ልስኑ እንደ ዱቄት ይራገፋል። በላዩም ፕላስቲክ ቀለም አይቀባ፤ የኖራ ወይም የሲሊኬት ቀለም ይበቃዋል።

የውኃው ምንጭ ከተዘጋ በኋላ ትዕግሥት ያስፈልጋል። በግምት በወር 2.5 ሳ.ሜ. ውፍረት ይደርቃል ተብሎ ቢታሰብ 23 ሳ.ሜ. ግድግዳ ዘጠኝ ወር ገደማ ይወስዳል። በዚህ መሀል የአየሩንና የኮርኒሱን ሥራ መጨረስ ይቻላል።

የሚያመልጠው አየር

ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ በኮርኒስ ቀዳዳ ሲያመልጥ በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ከታች ይሳባል። ስለዚህ እግር ላይ የሚሰማው ብርድ መነሻው ብዙ ጊዜ ራስ በላይ ነው። የታችኛውን ቀዳዳ ብቻ የደፈነ ሰው ለውጡ ትንሽ ቢሆንበት አይገርምም፤ ከላይ መጀመር ነበረበት።

መጠኑን በቁጥር ለማየት፦ 100 ካሬ ሜትር ወለል፣ 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ቤት 250 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ይህ አየር በየሰዓቱ አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ የሚለወጥ ከሆነና ውጭው ከውስጡ በ15 ዲግሪ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ አየሩን ለማሞቅ ብቻ ሳያቋርጥ 1,200 ዋት ገደማ ይሄዳል። ወደ ግማሽ ቢወርድ 600 ዋት ይድናል።

አንድ በር ብቻ እንውሰድ። 2 ሜትር ከፍታ፣ 90 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው በር ዙሪያው 5.8 ሜትር ነው። ዙሪያውን የ3 ሚ.ሜ. ክፍተት ካለ ድምሩ 174 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ግድግዳው ላይ 13 በ13 ሳ.ሜ. ቀዳዳ ቢኖር ማንም ዝም ብሎ አያየውም፤ በበሩ ዙሪያ ተበትኖ ሲገኝ ግን ዓመታት ያልፋሉ።

ቀዳዳዎቹን ለመፈለግ ነፋስ ያለበት ቀን ይምረጡ። ጋዝ፣ እንጨት ወይም ከሰል የሚያነድ ማንኛውም ምድጃና ማሞቂያ ይጥፋና ይብረድ፤ ምክንያቱም ቬንትሌተሮቹ ሲሠሩ የጭስ ማውጫው ጭስ ወደ ቤት ሊመለስ ይችላል። መስኮትና በሩን ይዝጉ፣ የወጥ ቤቱንና የመታጠቢያ ቤቱን ቬንትሌተር ያብሩ። ከዚያ የሚጤስ የዕጣን ዘንግ ይዘው ቀስ ብለው ይዙሩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው፤ ከታጠፈ ወይም ከተበተነ አየር አለ። ሶኬቶች፣ የመስኮት ፍሬም ዳር፣ የወለል ጣውላ ከግድግዳ ጋር የሚገናኝበት፣ ከመታጠቢያ ገንዳ ሥር ቧንቧ የሚገባበት፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወደ ኮርኒስ የሚወጣበት፣ የአምፖል ቀዳዳ፣ የጭስ ማውጫው ዙሪያ፦ እነዚህ አንድም ሳይቀር ይታዩ። ያገኙትን ሁሉ በወረቀት ፕላስተር ምልክት ያድርጉበት፤ ምልክት የሌለው ቀዳዳ በማግስቱ ይረሳል።

ባለሙያ የሚያመጣው መሣሪያ በር ላይ የሚገጠም ትልቅ ፋን ነው። በውስጥና በውጭ መካከል የ50 ፓስካል ግፊት ልዩነት ፈጥሮ አየሩ በሰዓት ስንት ጊዜ እንደሚለወጥ ይለካል። በአሮጌ ቤት 10 ወይም ከዚያ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ውጤቱን በ20 ማካፈል በተራ ቀን ያለውን ልውውጥ በግምት ይሰጣል። ሥራው ከመጀመሩ በፊትና በኋላ ቢለካ ገንዘቡ የት እንደገባ በግልጽ ይታያል።

አደፋፈኑ እንደ ክፍተቱ መጠን ይለያያል። እስከ 6 ሚ.ሜ. ለሆነው ቀለም የሚቀባ አክሪሊክ ማሸጊያ ይበቃል፤ ውኃ የሚነካው ቦታ ላይ ሲሊከን ይሁን። ከዚያ ለሚሰፋው መጀመሪያ የፎም ገመድ ይጠቅጠቅና ማሸጊያው ከላይ ይደረግ። ገመዱ የሌለበት ወፍራም ማሸጊያ በሦስት በኩል ስለሚይዝ እንጨቱ ሲያብጥና ሲኮማተር ይቀደዳል፤ ገመዱ ካለ በሁለቱ ጎን ብቻ ይዞ እንደ ጎማ ይለጠጣል። ከ1 እስከ 5 ሳ.ሜ. ለሆነ ክፍተት በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚነፋ ፎም ይሠራል። በመስኮትና በበር ፍሬም ዙሪያ ግን ትንሽ የሚነፋው ዓይነት ካልሆነ ፍሬሙን ገፍቶ ያጣምመዋል፤ መስኮቱም አልዘጋ ይላል። በጭስ ማውጫ ዙሪያ ፎም ፈጽሞ አይገባም። እዚያ ላሜራ ተቆርጦ ይገጠማል፣ ጠርዙ እሳት በሚችል ማሸጊያ ይታሸጋል፣ እንጨትና ማንኛውም ተቀጣጣይ ነገር ቢያንስ 5 ሳ.ሜ. ይራቀው።

የበር ጎማ ሲገዛ ብዙ ሰው በግምት ይወስዳል፤ ስለዚህ ወይ አይነካም፣ ወይ በሩ አይዘጋም። ክፍተቱን መለካት ቀላል ነው። የልጆች መጫወቻ ሸክላ ወይም ለስላሳ ስቱኮ በስስ ላስቲክ ጠቅልለው በፍሬሙ ላይ በአራት በአምስት ቦታ ያስቀምጡ፣ በሩን ዘግተው ይክፈቱ፣ የተጨፈለቀውን ውፍረት በማስመሪያ ይለኩ። ጎማው ሲዘጋ ወደ ግማሽ ውፍረቱ የሚጨፈለቅ መሆን አለበት፤ 4 ሚ.ሜ. ክፍተት ላይ ሳይጨፈለቅ 8 ሚ.ሜ. የሆነ ጎማ እንደማለት ነው። በማጠፊያው በኩል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ ከሌላው ስለሚጠብ ለእሱ ሳሳ ያለ ይመረጥ፤ አለበለዚያ በተዘጋ ቁጥር ማጠፊያውን ይነቅለዋል። ፍሬሙ በአልኮል ይወልወል፤ አቧራና ቅባት ላይ የተለጠፈ ጎማ አንድ ወቅት አይሻገርም። ሲለጠፍ አይለጠጥ፤ የተለጠጠ ጎማ ቆይቶ ይኮማተርና ማዕዘኖቹ ላይ ክፍተት ይፈጥራል።

ኮርኒሱ

የአየሩ ቀዳዳ ሳይደፈን ኢንሱሌሽን ማንጠፍ ስህተት ነው። የመስታወት ሱፍም ሆነ የድንጋይ ሱፍ አየር ያሳልፋል፤ በውስጡ የሚወጣው ሞቃትና እርጥብ አየር ቀዝቃዛውን ጣሪያ ሲነካ ውኃ ሆኖ ይንጠባጠባል። ሱፉ በአንዳንድ ቦታ ጥቁር መስሎ ከተገኘ ለዓመታት አቧራ ያጣራ ቦታ ነው፤ ልክ ከሥሩ ቀዳዳ አለ።

ስንት ሴንቲ ሜትር ይበቃል? 50 ካሬ ሜትር ባዶ ኮርኒስ፣ በ15 ዲግሪ ልዩነት፣ 1,700 ዋት ገደማ ያሳልፋል። 10 ሳ.ሜ. ሱፍ ሲነጠፍበት ወደ 255 ይወርዳል። ሌላ 10 ሲጨመር ወደ 140፣ ሦስተኛው 10 ሲጨመር ወደ 95። የመጀመሪያው ንብርብር ከ1,400 ዋት በላይ ሲያድን ሦስተኛው 45 ያህል ብቻ ያድናል። ይሁን እንጂ አንዴ ከተወጣ ድካሙ ያው ስለሆነ ከ20 እስከ 30 ሳ.ሜ. ማድረስ ተገቢ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ገንዘብ ወደ ግድግዳው ይሂድ።

አነጣጠፉ በሁለት ንብርብር ነው። የመጀመሪያው በእንጨቶቹ መካከል፣ ከእንጨቱ ቁመት እኩል፤ ሁለተኛው እንጨቶቹን አቋርጦ በላያቸው። እንጨቱ ራሱ ሙቀት ስለሚያሳልፍ ሁለተኛው ንብርብር የሚሸፍነው እሱን ነው። ሱፉ አይጨፍለቅ፤ 20 ሳ.ሜ. የሆነው ወደ 10 ቢጨፈለቅ የሚያግደው የሙቀት መጠን ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ጣሪያው ክፈፍ ዘንድ ሲደርስ አየር እንዲያልፍ የ5 ሳ.ሜ. መተላለፊያ ይተው። ሱፉ ወደዚያ እንዳይንሸራተት ቁራጭ ኮምፔንሳቶ በጣሪያው እንጨቶች መካከል ይመታ። ይህ መተላለፊያ ከተደፈነ ጣሪያው ይታፈናል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል።

ኤሌክትሪኩን በጥንቃቄ ይዩት። ጥልቅ የሚገቡ የድሮ አምፖሎች ሙቀታቸውን ወደ ላይ ስለሚለቁ በኢንሱሌሽን መሸፈን የሚችሉ ካልሆኑ ዙሪያቸውን 7.5 ሳ.ሜ. ባዶ ይተው፤ ባይሆን በኤልኢዲ መቀየር ይሻላል። ብዙ ኃይል የሚሸከም ገመድ፣ ለምሳሌ የውኃ ማሞቂያ ገመድ፣ ሱፍ ውስጥ ከተቀበረ ይግላል፤ ወደ ላይ አውጥቶ ማስተኛት ነው። ገመድ ከስቲሮፎም ጋር አይነካካ፤ የፕላስቲኩን ልስላሴ ስለሚመጥጠው ሽፋኑ ደርቆ ይሰነጠቃል። ሽፋኑ ጨርቅ የሆነ የድሮ ሽቦ ካለ ሳይቀየር ምንም ነገር አይነጠፍበት።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው የኮርኒሱን መግቢያ ክዳን ነው። ግማሽ ካሬ ሜትር ብቻ የሆነ ስስ ክዳን ከኮርኒሱ 1 በመቶ ነው፤ ቀሪው 20 ሳ.ሜ. ሱፍ ቢነጠፍበትም ክዳኑ ባዶ ከቀረ በኮርኒሱ ከሚወጣው ሙቀት ከ10 በመቶ በላዩ በእሱ ያልፋል። የአየር ፍሳሹ በዚህ ላይ አልተደመረም። 10 ሳ.ሜ. ጠንካራ ፎም ከላይ ይጣበቅበት፣ ዙሪያው ጎማ ይለጠፍበት፣ ጎማውን አጥብቆ የሚይዝ ሁለት መቆለፊያ ይግባለት። ክዳኑ ቀላል ከሆነ በራሱ ክብደት ጎማውን ስለማይጨፈልቅ መቆለፊያው ግድ ነው።

ኮርኒሱ ሲሸፈን ከበላዩ ያለው ቦታ ከበፊቱ ይቀዘቅዛል። ውርጭ ባለበት አገር እዚያ ያለ ቧንቧና ታንከር መጠቅለል አለበት፤ ከታንከሩ ሥር ግን ሱፍ አይነጠፍ፣ ከቤት የሚመጣው ትንሽ ሙቀት እንዳይበርድ ይረዳዋል።

ችግሩ ብርድ ሳይሆን ሙቀት በሆነበት አገር ስሌቱ ትንሽ ይለያል። የቆርቆሮ ጣሪያ ፀሐይ ሲመታው እንደ ምጣድ ግሎ ሙቀቱን በጨረር ወደ ታች ይልካል። አንጸባራቂ ፎይል ይህን ጨረር ይመልሳል፤ ግን የሚያብረቀርቀው ገጹ ፊት ቢያንስ 2 ሳ.ሜ. ክፍት አየር ሲኖር ብቻ ነው የሚሠራው። ከቆርቆሮው ጋር ከተጣበቀ እንደ ማንኛውም ብረት ሙቀት አሳላፊ ይሆናል። ፊቱ ወደ ታች ቢሆን ይመረጣል፤ ወደ ላይ ያየ ፎይል አቧራ ሲለብስ ማንጸባረቁን ያጣል። ጣሪያውን ነጭ መቀባት ደግሞ ሙቀቱን ከመግባቱ በፊት ይመልሰዋል፤ አዲስ ነጭ ቀለም ከሚመታው የፀሐይ ኃይል 70 በመቶና ከዚያ በላይ ሲመልስ ጥቁር ጣሪያ 20 በመቶ እንኳ አይመልስም። ዝገቱ ሳይፋቅና ፀረ ዝገት ሳይቀባ ከተቀባ ግን በቅርፊት ይነሣል።

ግድግዳው

እዚህ ላይ ቸኩሎ መወሰን ውድ ዋጋ ያስከፍላል። 23 ሳ.ሜ. ድፍን ጡብ በካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት፣ 2 ዋት ገደማ ያሳልፋል። 40 ካሬ ሜትር የውጭ ግድግዳ በ15 ዲግሪ ልዩነት 1,200 ዋት ገደማ ይሆናል። 6 ሳ.ሜ. የእንጨት ጭረት ሰሌዳ ሲለጠፍበት ወደ 300 ይወርዳል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ጥያቄው በውስጥ ይሁን በውጭ የሚለው ነው።

የሚቻል ከሆነ በውጭ ይሁን። ግድግዳው ሞቃት ሆኖ ይደርቃል፣ ወለሉና መካፈያው ከውጭ ግድግዳ ጋር የሚገናኙበት ሙቀት አሳላፊ መስመር ይሸፈናል፣ የክፍሉ ስፋትም አይቀንስም። ሰሌዳው ሲጣበቅ ማጣበቂያው ዳር ዳሩን ሳይቆራረጥ ይዙር፣ መሀሉ ላይ ሦስት ጉብታ ይደረግ፤ ቢያንስ 40 በመቶው መያዝ አለበት። ጉብታ ብቻ ከሆነ ከሰሌዳው ጀርባ አየር ይመላለሳል፣ ሰሌዳውም መሀሉ ላይ ይጎብጣል። በካሬ ሜትር 6 ያህል ረጅም ፊሸር ይመታ። ልስኑን የሚያጠናክረው መረብ ከልስኑ ውስጥ ወደ ላይኛው ገጽ ጠጋ ብሎ ይቀበር፣ መደራረቢያው 10 ሳ.ሜ. ይሁን። በመስኮት አራት ማዕዘኖች ላይ ተጨማሪ የመረብ ቁራጭ በሰያፍ ይለጠፍ፤ ይህ ከተዘለለ ከማዕዘኑ ተነሥቶ ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ በመጀመሪያው ዓመት ይታያል። ከመሬት እስከ 30 ሳ.ሜ. ድረስ ዝናብ ስለሚረጨው ውኃ የማይጠጣው ኤክስፒኤስ የሚባለው ጠንካራ የፎም ሰሌዳ ይገባል። የመስኮቱ ጎን ግድግዳም ቢያንስ 2 ወይም 3 ሳ.ሜ. ይልበስ፤ ቦታ የለም ተብሎ ከተተወ ሻጋታው እዚያ ይወጣል።

የቤቱ ፊት መለወጥ ካልተፈቀደ ወይም ግድግዳው ከጎረቤት ጋር ከተያያዘ ውስጡ ይቀራል። በውስጥ ሲለጠፍ የድሮው ግድግዳ ቀዝቃዛ ይሆናል። 20 ዲግሪ ሙቀት፣ 50 በመቶ አንጻራዊ እርጥበት ያለው የክፍል አየር 9 ዲግሪ የሆነ ገጽ ሲነካ ጤዛ ይሆናል፤ ሻጋታ ደግሞ ጤዛ ሳይጠብቅ ገጹ ከ12.6 ዲግሪ በታች ሲወርድ መብቀል ይጀምራል። የክፍሉ አየር ከኢንሱሌሽኑ ጀርባ መንገድ ካገኘ ከዓይን ተሰውሮ ነው የሚያረጥበው። ስለዚህ በእንጨት ፍሬም መካከል ሱፍ ጠቅጥቆ በጂብሰም ሰሌዳ መሸፈን ለአሮጌ ግድግዳ አደገኛ ነው። ውኃን መጥጦ መልሶ የሚተነፍስ ሰሌዳ፣ ማለትም የእንጨት ጭረት ወይም ካልሲየም ሲሊኬት፣ በኖራ ወይም በሸክላ አፈር ማጣበቂያ ሙሉ ጀርባው ተለጥፎ ክፍተት ሳይተው ይገጠም። ከ6 እስከ 8 ሳ.ሜ. ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲወፍር የሚድነው ሙቀት ትንሽ ነው፤ ግድግዳው ግን ጭራሽ አይደርቅም። በግድግዳው ውስጥ የተቀበሩ የወለል እንጨቶች ጫፍ ካለ ከሁሉ በፊት በሹል ብረት ይወጉ፤ ብረቱ በቀላሉ ከገባ መበስበስ ጀምሯል፣ ሥራውም ከእሱ ይጀመር።

ፎም በድንጋይ ወይም በጭቃ ግድግዳ ላይ መርጨት አይመከርም። መልሶ አይነሣም፤ ከሥሩ ያለው እንጨት ቢበሰብስ የሚያሳውቅ ነገር የለም።

ወለሉ

ከሥሩ ባዶ ቦታ ያለው የጣውላ ወለል ከሆነ በመሠረቱ ላይ ያሉት ትንንሽ አየር ማስገቢያዎች አይደፈኑ። ብርድ ያስገባሉ ተብሎ ሲደፈኑ እርጥበቱ ታፍኖ ወራጁን ያበሰብሰዋል። ብርዱ የሚቆመው ከወለሉ ሥር በወራጆቹ መካከል ሱፍ በመረብ ተደግፎ ሲያዝ፣ በጣውላዎቹ መጋጠሚያና በግድግዳው ዳር ያለው ክፍተት ሲታሸግ ነው። ሱፉ ከጣውላው ጋር ይነካካ፤ በመሀል ክፍተት ካለ ቀዝቃዛ አየር ገብቶ ዋጋ ያሳጣዋል።

መስኮቱ

አንድ ነጠላ መስታወት በካሬ ሜትር በዲግሪ 5.7 ዋት ያሳልፋል። 10 ካሬ ሜትር መስኮት በ15 ዲግሪ ልዩነት 855 ዋት ነው። ከውስጥ ሁለተኛ መስታወት በራሱ ፍሬም ሲጨመር ወደ 420 ይወርዳል። ሙሉ መስኮቱ በአዲስ ድርብ መስታወት ሲቀየር፣ ሙቀት መላሽ ሽፋንና አርጎን ጋዝ ያለው ከሆነ፣ መስታወቱ ብቻውን ወደ 180 ይወርዳል። አሮጌው ፍሬም ጤነኛ እንጨት ከሆነ ግን ለእኔ ሁለተኛው መስታወት ይበልጥብኛል፦ ከትልቁ ጥቅም የሚበዛውን ይሰጣል፣ ዘመን የተሻገረውን እንጨትም ያተርፋል። በሁለቱ መካከል 2 ሳ.ሜ. ገደማ ክፍተት ለሙቀት ይበቃል፤ ለድምፅ ደግሞ 10 ሳ.ሜ. ይሻላል። የውስጠኛው መስኮት በጎማ ጥብቅ ይሁን፣ የውጭኛው ትንሽ ይተንፍስ። ተቃራኒው ከሆነ የክፍሉ እርጥበት በመሀል ገብቶ በውጭኛው መስታወት ላይ ይንጠባጠባል።

ለፀሐይ ደግሞ ጥላ በውጭ መሆን አለበት። መጋረጃ ፀሐይን የሚያቆመው ሙቀቱ መስታወቱን ካለፈ በኋላ ስለሆነ አብዛኛው ሙቀት ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

የተደፈነ ቤት መተንፈሻ ያስፈልገዋል

አራት ሰው የሚኖርበት ቤት በመተንፈስ፣ በምግብ ማብሰል፣ በመታጠብና ልብስ በማድረቅ በቀን ወደ 10 ሊትር ውኃ አየር ውስጥ ይለቃል። ድሮ ይህ በየስንጥቁ ይወጣ ነበር፤ ስንጥቁ ሲደፈን በታሰበ መንገድ መውጣት አለበት። የመታጠቢያ ቤት ቬንትሌተር በሰዓት 54 ሜትር ኩብ፣ የወጥ ቤቱ ከምድጃው በላይ በሰዓት 108 ሜትር ኩብ ቢያወጣ ይበቃል። ቱቦው እስከ ውጭ ይድረስ፤ ኮርኒስ ላይ ተቆርጦ የቀረ ቱቦ የሻወሩን እንፋሎት በሙሉ ጣሪያው እንጨት ላይ ይተፋል፤ ይህ ጥፋት በጣም የተለመደ ነው። ተጣጣፊ ቱቦ ረግቦ ከተንጠለጠለ መሀሉ ውኃ ይይዛል፣ አየሩም አያልፍም። ቬንትሌተሩ እንደሚሠራ ለማየት አንድ ገጽ ሶፍት ፊቱ ላይ ያድርጉ፤ ይዞ ካልቆመ አይስብም። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከሥሩ 1 ሳ.ሜ. ክፍት ካልሆነ ደግሞ የሚስበው አየር ከየትም አይመጣም።

እሳት የሚነድበት ቤት ከተደፈነ በኋላ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ያስፈልገዋል፤ ምድጃው የራሱ የአየር መግቢያ እንዳለውም ይረጋገጥ። ይህ ጋዝ ሽታ የለውም፣ ሰው በተኛበት ይገድላል። በዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሙቅ ውኃና ማሽኑ

100 ሊትር ውኃ ከ15 ወደ 55 ዲግሪ ለማሞቅ 4.65 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የሻወሩ ራስ በደቂቃ ከ12 ሊትር ወደ 7 ቢቀንስ 8 ደቂቃ የሚታጠብ ሰው በአንድ ጊዜ 40 ሊትር ያተርፋል፤ በ38 ዲግሪ ሙቀት ይህ 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። ውኃው ሲያልፍ ወዲያው የሚያሞቅ ማሽን ካለ ግን ዝቅተኛ ፍሰቱን ይመልከቱ፤ ከዚያ በታች ሲወርድ ይጠፋል። ታንከሩና ከእሱ የሚወጡት የመጀመሪያ ሁለት ሜትር ቧንቧዎች ይጠቅለሉ። የታንከሩን ሙቀት ከ60 ዲግሪ ዝቅ አድርጎ መያዝ ሌጂዮኔላ የሚባለውን ባክቴሪያ ሊያራባ ስለሚችል ቁጠባው በመጠቅለያው በኩል ይሁን።

ቤቱ በራዲያተር የሚሞቅ ከሆነ ሂት ፓምፕ (ከውጭ ሙቀት ወስዶ ወደ ቤት የሚያስገባ የኤሌክትሪክ ማሽን) ከመግዛት በፊት አንድ ሙከራ ይደረግ። በዓመቱ በጣም ቀዝቃዛው ሳምንት የቦይለሩን የውኃ ሙቀት ወደ 55 ዲግሪ ያውርዱትና ሳያጠፉ ቀንና ሌሊት ይተዉት። ክፍሎቹ ከሞቁ ቤቱ ተዘጋጅቷል። አንድ ክፍል ብቻ ከቀዘቀዘ የዚያ ክፍል ራዲያተር ይተልቅ። ሂት ፓምፕ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ሦስት ያህል ሙቀት ይሰጣል፤ የሚልከው ውኃ በአንድ ዲግሪ ዝቅ ባለ ቁጥር ቅልጥፍናው 2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ሻጩ በቤቱ ካሬ ሜትር ብቻ መጠን ከነገረዎት አይቀበሉት፤ ከድፈናውና ከኢንሱሌሽኑ በኋላ በየክፍሉ የተሠራ ስሌት ይጠይቁ።

ከሥራው መጀመሪያ አንሥቶ ቆጣሪውን በየሳምንቱ በአንድ ቀንና ሰዓት ያንብቡ፤ ከጎኑ የሳምንቱን አማካይ የውጭ ሙቀት ይጻፉ። ፍጆታውን በውስጥና በውጭ ሙቀት ልዩነት ሲያካፍሉት የቤቱ ቁጥር ይወጣል፤ ሳምንቱ ቢሞቅም ቢበርድም ይህ ቁጥር ብዙ አይዋዥቅም። ኮርኒሱ ተነጥፎ ቁጥሩ ካልወረደ የዕጣኑን ዘንግ ይዘው ወደ መግቢያው ክዳን ይመለሱ።